የጋሽ ላምቤቦ ቁልፍ

በ2014 ዓ.ም. በበልግ፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ የጋሽ ላምቤቦን ቁልፍ ሰበርኩ። የበር ቁልፍ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ወደ ታች እናገራለሁ። ጋሽ ላምቤቦ ዘንድሮ በጥቅምት ዐረፉ። ይህን የምጽፈው እሳቸው ሊያነቡት በማይችሉበት ጊዜ መሆኑ ራሱ ከጥፋቴ አንዱ ነው።

ሞታቸውን የነገረኝ ብሩክ ነው። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛው ከእኔ ጎን ነው። ስልኩን ዘግቶ፣ "ጋሽ ላምቤቦ" አለ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሐዘን አልነበረም። "አሁን ማንም አያውቅም" የሚል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ቢሯችን ለቡ መብራት ኃይል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። የሕንፃ ዲዛይን እንሠራለን። ድራፍቲንግ፣ ማለትም የሕንፃ ሥዕል ሥራ፣ ሙያ ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ከዚያ ልጆች ለማሳደግ ስድስት ዓመት ቤት ተቀምጬ ነበር። በዚያ መሀል ፕሮግራሞቹ ተለዋውጠው ጠበቁኝ። ለፈተና በመጣሁ ቀን አንድ ቀላል የመሠረት ሥዕል ሳልጨርስ ሰዓቱ አለቀ። የቢሮው ኃላፊ ኢንጂነር ሰለሞን አመስግኖ ሊሸኘኝ ሲል፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ረጅም ሰው፣ "የጀመረችውን እስኪ ልየው" አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ እፍ አሉበት፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉትና ሥዕሌን ረጅም ጊዜ አዩት።

"የሠራችው ትንሽ ነው። የሠራችው ግን እርማት አያስፈልገውም" አሉ።

በዚያች ቃል ለሙከራ ተቀጠርኩ። ልጆቼ የሚበሉት እስከ ዛሬ ከዚያች ቃል ነው።

ጋሽ ላምቤቦ ሆሳዕና አካባቢ ተወልደው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የገቡ፣ ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት በቀለም ብዕርና በማስመሪያ ሥዕል ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሥራው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ በኋላም እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አይጠፋም። ብሩክ፣ "ጋሽዬ፣ እርሳሷ ቻርጅ ተደርጋ ስንት ሰዓት ትቆያለች?" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። "መብራት ሲጠፋ ትለምነኛለህ" ይሉታል። መብራት ሲጠፋ እውነትም ይለምናቸው ነበር።

ምሳ አብረን እንበላ ነበር። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ምሳ ዕቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ረጅም ጸሎት ይጸልያሉ፤ ለእኔም፣ ለልጆቼም፣ በስማቸው። እኔ አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ። አሜን ማለት ግን ይከብደኝ ነበር። አሜኔን በአፌ ይዤ አስቀራለሁ። እሳቸው አስተውለው ይሁን አይሁን አላውቅም። ረቡዕና ዓርብ ግን እሳቸውም የጾም ምግብ ነበር ይዘው የሚመጡት። "ሽሮ ማን ይጠላል" ይሉ ነበር። ሌላ ምክንያት ሰጥተው አያውቁም።

አሁን ስለ ቁልፉ ልናገር።

የቢሮው ሥዕሎች ሁሉ የሚቀመጡበት አንድ የጋራ ቦታ ሰርቨሩ ላይ አለ። ስሙ ሪፖዚተሪ ነው። ጋሽ ላምቤቦ ግን "ጎተራው" አሉት፤ ሁላችንም እንደሳቸው እንጠራዋለን። ከጎተራው የሚወጣ ሥዕል ለንባብ ብቻ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ይታያል እንጂ አንድ መስመር እንኳ አይነካም። ሊሠራበት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ቆልፎ በስሙ ይይዘዋል። እሱ እስኪለቀው ድረስ ሌላው ያያል፣ አይነካም፤ ለሥራም አትሞ አያወጣውም። የሕንፃ ሥዕል እንደ ጽሑፍ አይደለም። ሁለት ሰው በየፊናው ከሠራበት የአንዱ ሥራ የሌላውን ይደመስሰዋል። "ማየት ለሁሉም ነው፤ መንካት በተራ" ይሉ ነበር ጋሽ ላምቤቦ።

የሰው ቁልፍ ሰብሮ መክፈት የሚችል የጎተራው ጠባቂ ብቻ ነው። ጠባቂው ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ እሳቸው ነበሩ። ሰው ታሞ ሲቀር ወይም ረስቶ ሲሄድ ብቻ ነበር የሚሰብሩት፤ እሱንም ደውለው። "ስልክ ከመዶሻ ይቀድማል" የሚሉት ለዚህ ነው። የተቆለፈውንና የተፈታውን ሁሉ ከነሰዓቱና ከነስሙ የሚይዝ መዝገብም አስገጥመው ነበር። ከእሳቸው በቀር ያንን መዝገብ የሚከፍት ሰው አልነበረም።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ የያዙትን ሥዕል ቆልፈው አያድሩም። ማታ ከመነሣታቸው በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አራተኛ ወረቀትን ለቅቄአለሁ፣ ዘጠነኛንም ለቅቄአለሁ" ብለው ነው ኮታቸውን የሚያነሡት። "የሰው መንገድ ላይ በሬን አስሬ አላድርም" ይላሉ።

ሁለተኛው ሰላምታቸው ነው። ሥዕል ሲቆለፍ ትንሽ መስኮት ትከፈትና ምክንያቱን ትጠይቃለች። ሌሎቻችን "ደረጃ ላስተካክል" ብለን እናልፋለን። ጋሽ ላምቤቦ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። "ለተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ..." ይህን የሚጽፉት ከእኛ ሦስት እርምጃ ርቀው ተቀምጠው ነው። መስኮቷ የምታሳየው ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ ሰላምታው ይሞላታል። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል። ብሩክ፣ "የጋሽ ላምቤቦ ቁልፍ ቴምብር ብቻ ነው የቀረው" ይል ነበር። እሳቸው አብረው ይስቃሉ፤ አይተዉም። "ሰው ደጅ ተደርሶ ሰላም ሳይባል ጉዳይ አይነገርም" የሚል ነበር መልሳቸው።

በዚያ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የታላቅ ወንድማቸው መርዶ መጣ። ስልኩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ተቀምጠው ኮምፒውተራቸው ላይ ጥቂት ጻፉ። እኔንም ጠርተው ቁልፍ የመስበሩንና መዝገቡን የመክፈቱን ፈቃድ በስሜ አደረጉልኝና፣ "ማክሰኞ እመለሳለሁ። የሚቸገር ሰው ካለ አንቺ አለሽ" አሉኝ። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እንደ ሹመት ነው የቆጠርኩት።

ዓርብ ጠዋት ኢንጂነር ሰለሞን ከሀና ማርያም ደወለ። እዚያ አንድ የግል ትምህርት ቤት እያሠራን ነበር። ፌሮ ሠራተኞቹ የምድር ወለሉን ምሰሶዎች ሊጀምሩ ወረቀት እየጠበቁ ነው፤ የምሰሶዎቹ ሥዕል ያለበት ስድስተኛው ወረቀት አልቆ እንደሆነ ጠየቀኝ። ልይ አልኩት። ከፈትኩት። በጋሽ ላምቤቦ ስም ተቆልፏል።

ሰውዬው ቆልፈው አያድሩም። ያደረ ቁልፋቸውን አይቼ አላውቅም። ይህ ብቻ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በመርዶው ደንግጠው ረሱት አልኩ። መስኮቷን ከፈትኩ። "ለተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ወንድሜን በማጣቴ ባዝንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናንተም በያላችሁበት..." ይላል። ሦስቱ መስመር አለቀ። ወደ ታች አላወረድኩም።

መደወል ነበረብኝ። ስልኬን አንሥቼም ነበር። ለቅሶ ላይ የተቀመጠን ሰው ስለ ፌሮ መጠየቅ ነውር መሰለኝ፤ በይሉኝታ መልሼ አስቀመጥኩት። ይሉኝታ ብዬ የጠራሁት ነገር ግማሹ ስንፍና ነበር። ቁልፉን ሰበርኩ፣ ወረቀቱን አተምኩ፣ ለኢንጂነር ሰለሞን "አልቋል" አልኩት።

ማክሰኞ ጋሽ ላምቤቦ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው ገቡ። እግዚአብሔር ያጥናዎት አልናቸው። ተቀምጠው ጎተራውን ከፈቱ። መነጽራቸውን አውልቀው እፍ አሉበት፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ በጭቃው መሀል ሮጠው ባጃጅ አስቆሙ። እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

ያኔ ነው መዝገቡን ከፍቼ ወደ ታች ያወረድኩት። ከሰላምታው በታች እንዲህ ይላል፦ "ይህን ስድስተኛ ወረቀት የቆለፍኩት የምድር ወለሉ ምሰሶዎች ሰንጠረዥ ውስጥ ያነሰው የላይኛው ፎቅ የፌሮ ቁጥር ስለገባ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። ማክሰኞ መጥቼ ሳላርመው ለሥራ እንዳይወጣ።" ከዚያ በታች አንድ መስመር ነበረች። እሷን አሁን ለመጻፍ አልደፍርም።

ሀና ማርያም ሲደርሱ አራት ምሰሶዎች ሰኞ ዕለት አርማታ ተሞልተው አድረዋል። ከአናታቸው ብቅ ያለውን ፌሮ አንድ በአንድ ቆጥረው ሥራውን ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። ምሰሶዎቹ ፈረሱ። ማንም አልተጎዳም፤ ስለዚህ ነገር ዛሬም ጠዋት ጠዋት አመሰግናለሁ። ልጆች የሚማሩበት ቤት ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ግን ሥራውን ከእጃችን ሊወስድ ደረሰ። ቢሮውም ስሙን ለማትረፍ የሚጠየቅ ሰው ፈለገ።

ከሰዓት በኋላ ኢንጂነር ሰለሞን ሁላችንንም ሰበሰበን። ጋሽ ላምቤቦ ጫማቸው ጭቃ እንደሆነ ነው የተቀመጡት። ስህተቱን መቼ እንዳወቁ ጠየቃቸው። ሐሙስ አሉ። ካወቁ ለምን እንዳልቆለፉት ጠየቃቸው። ዝም አሉ። ዘወር ብሎ እኔን፣ "ስታወጪው ተቆልፎ ነበር?" አለኝ።

ጠዋት ሁሉንም አንብቤአለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቋሚ የምሆንበትን ቀን አሰብኩ። ልጆቼን አሰብኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያሰብኩት ግን የሰዎቹን ዓይን ነው።

"ክፍት ነበር" አልኩ።

ጋሽ ላምቤቦ አላዩኝም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ እፍ አሉበት፣ ጠረጉት። ከዚያ ለኢንጂነር ሰለሞን፣ "የጎተራው ጠባቂ እኔ ነኝ። የሚጠየቀውም ከእኔ ነው" አሉት። ውሸት አልተናገሩም። እኔን ለማዳን እንኳ አልዋሹም። ብሩክ፣ መዝገቡ ይታይ አለ። ኢንጂነር ሰለሞን፣ ሰውዬው ራሳቸው አምነዋል፣ ምን ይታያል ብሎ ስብሰባውን ዘጋው።

በማግስቱ ጥበቃው ወደ እኔ እንዲዞር፣ ጋሽ ላምቤቦ ደግሞ ጎተራው ውስጥ ለንባብ ብቻ እንዲሆኑ ታዘዘ። ትእዛዙን የምፈጽመው እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ወንበራቸውን አስጠግተው ከጎኔ ተቀመጡ።

"እዚህ ጋ ግቢ። አሁን የሠራተኞቹ ስም ይመጣልሻል። ስሜን ምረጪ" አሉኝ።

መረጥኩ።

"ሁለቱ ምልክት ይታይሻል? የላይኛው ማንበብ ነው፣ የታችኛው መጻፍ። የታችኛውን አንሺው።"

ቶሎ አልነካሁትም። ጠበቁኝ። ቁጣም ምጸትም አልነበረባቸውም፤ ልክ እንደ ወትሮው እያስተማሩኝ ነበር። አነሣሁት። "ይኸው ነው። መመለስ ከተፈለገ በዚያው መንገድ ነው የሚመለሰው" አሉና ተነሥተው ወደ ቦታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል እንደዚያ ሆነው ሠሩ። መጥተው ይከፍታሉ፣ ያያሉ፣ መንካት አይችሉም። ስህተት ሲያገኙ ያቺን እርሳስ ከጆሯቸው ያወርዱና ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያዋ ቁራጭ እንዲህ ትል ነበር፦ "አሥራ ሁለተኛ ወረቀት፣ የደረጃው ሦስተኛ መስመር ልኩ ይታይ። እንደምን አደርሽ። ላምቤቦ።"

ጉዳዩ ከላይ፣ ሰላምታው ከታች። በሕይወታቸው ሙሉ ሰላምታ ያስቀደሙ ሰው ናቸው። ቁልፉን ስሰብር እስከ ታች እንዳላነበብኩ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ዳግመኛ እንዳልሳሳት ብለው አጻጻፋቸውን ለወጡ። አንድም ቀን በአፋቸው አላነሡትም።

እኔ ቁራጮቹን እያየሁ በስሜ አርማለሁ። ኢንጂነር ሰለሞን አንድ ቀን በሰው ፊት፣ "ወይንሸት፣ ዓይንሽ ግን ይገርማል" አለኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ጋሽ ላምቤቦ ከኮምፒውተራቸው ቀና አላሉም። የእግዚአብሔርን ስም ለሽፋን የጠራሁበትን ያን ቀን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ነበር። በዋሸሁ ሰሞን ነው የነገርኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝና፣ ሰውዬው በሕይወት አሉ ወይ አሉኝ። በሕይወት አሉ፣ አጠገቤ ነው የሚቀመጡት አልኳቸው። "በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አሁን አይሰገድም፤ የንስሐሽ ስግደት ከጰራቅሊጦስ በኋላ ይሁን። ለሰውዬው መንገሩ ግን በዓል አይጠብቅም" አሉኝ።

ስግደቱን አንድም ሳላጎድል ሰገድኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ። ለሰውዬው ግን አልነገርኩም። ለመሬት መቶ ጊዜ ዝቅ ማለት ለአንድ ሰው አንዴ ዝቅ ከማለት ቀለለኝ። የንስሐ አባቴ በሌላ ጊዜ ሲጠይቁኝ፣ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ጡረታ በወጡ ቀን ዳቦ ቆርሰን ሸኘናቸው። ዕቃቸው አንድ ፌስታል አልሞላም። እኔ እስከ ታክሲው ልሸኛቸው ወረድኩ። ለመናገር ነበር የወረድኩት። መንገዱ ዳር ቆምን። ወደ ሰፈራቸው የሚሄድ የጀሞ ታክሲ መጣ፣ ወንበር ነበረው፣ አልገቡም። ሁለተኛ መጣ፣ ረዳቱ "ጀሞ፣ ሁለት ሰው" እያለ ጠራ፣ አልገቡም። እኔ ስለ ልጆቼ ትምህርት አወራለሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራለሁ። እሳቸው እርሳሷን በጣታቸው እያገላበጡ ይሰሙኛል። ሦስተኛው ታክሲ ሲመጣ ገቡ። በመስኮቱ፣ "በይ እንግዲህ ወይንሸት፣ ጎተራውን ጠብቂ" አሉኝ።

ሁለቱን ታክሲ ያሳለፉት እኔን እየጠበቁ እንደነበር የገባኝ ወደ ቢሮ ስመለስ፣ ደረጃው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ለበዓል ደውዬላቸዋለሁ። ደህና ነኝ ይላሉ፣ የልጆቼን ስም እየጠሩ ይጠይቃሉ፣ ይመርቁኛል። ስልክ ሲዘጋ እፎይ እላለሁ።

ብሩክ መርዶውን በነገረኝ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ለቅሶ ሄድን። ቤታቸው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ድንኳኑ ብሎኮቹ መሀል ተተክሏል። ሰው ብዙ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው የመጡ ይዘምራሉ። ፓስተሩ ተነሥተው ጸለዩ፣ ሲጨርሱ አሜን አልኩ። በአፌ፣ ድምፅ አውጥቼ። ያኔ ለምሳ ሲጸልዩ ያስቀረሁትን ሁሉ በአንዴ ለመክፈል የፈለግሁ ያህል።

ባለቤታቸውን እትዬ አማረችን ከዚያ በፊት አግኝቻቸው አላውቅም። አጠገባቸው ቦታ ሲለቀቅ እኔን አስቀመጡኝ። ከቢሮ መሆናችንን ሰምተው ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አብረሽው ትሠሪ ነበር?" አሉኝ። አዎ አልኩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሱ የሥራ ነገር ቤት ይዞ አይገባም። መጨረሻ ላይ ግን እጁን እንደያዙት ከሰው ሰማሁ። አርባ ዓመት ያህል የሠራ ሰው፣ ሥራ እንዳይነካ። አጥፍቶ ነው?"

"አላጠፉም" አልኩ።

"እሱን ስጠይቀው ዝም አለ። ዝም ሲል፣ አጥፍቶ ነው እንዴ እያልኩ ኖርኩ" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አልነበረውም፤ መልስ ነበር የሚጠብቀው። ሌሎች ለቀስተኞች መጥተው አንገታቸው ላይ ወደቁ። ተነሣሁ። በሰው ሐዘን ላይ ስለ ራሴ ማውራት አይገባም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህ ያ የድሮው ይሉኝታ መሆኑን ግን ድንኳኑን ሳልወጣ ዐወቅሁት። ባላቸውን ከሁለት ዓመት በላይ በልባቸው እንዲጠረጥሩ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ በቀጥታ ቢሮ ገባሁ። ኮቴን ሳላወልቅ መዝገቡን ከፍቼ፣ ያንን የ2014ቱን ገጽ አተምኩ። የጋሽ ላምቤቦ መቆለፍ ከነደብዳቤው፣ በማግስቱ ደግሞ የመሰበሩ ሰዓት ከነስሜ፣ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ነው። ሰዉ ገብቶ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ቆሜ፣ የያኔው ወረቀት ተቆልፎ እንደነበር፣ ቁልፉን ሳላነብ የሰበርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ክፍት ነበር ያልኩትም ውሸት እንደሆነ ተናገርኩ። ወረቀቱን ኢንጂነር ሰለሞን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

ረጅም ጊዜ አነበበው። "ዛሬ ምን አስነገረሽ?" አለኝ።

"ባለቤታቸው ጠየቁኝ" አልኩት።

ብሩክ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩ። እንዳስተማሩኝ፣ የሠራተኞቹን ስም አመጣሁ። የጋሽ ላምቤቦ ስም እስከ ዛሬ ከዝርዝሩ አልተሰረዘም። የታችኛውን ምልክት መለስኩላቸው። ከዚያ የራሴን ስም መረጥኩና የታችኛውን አነሣሁ። የራሴን ያስከተልኩት፣ እሱን ካነሣሁ በኋላ ሌላውን መመለስ ስለማልችል ነው። ኢንጂነር ሰለሞን ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። አልከለከለኝም። በሥራዬ ላይ የሚወስነውን ከሰዓት በኋላ እንደሚነግረኝ ብቻ ነገረኝ።

ወረቀቱን ለመንሁትና አጥፌ ይዤ ወረድኩ። የመጀመሪያው የጀሞ ታክሲ ሲመጣ ገባሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ገና ሰው አልበዛም። እትዬ አማረች ፍራሽ ላይ ነበሩ። ትናንት ለጠየቁኝ ነገር መልስ ይዤ መጣሁ ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። ከባለቤታቸው ስም ሌላ ዓይናቸው የለየው አልነበረም።

"መነጽሬን የት እንዳደረግሁት እንጃ። አንብቢልኝ" አሉ።

ከሰላምታው ጀመርኩ። "ለተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ" ስል ፈገግ አሉ፤ የባላቸውን ድምፅ የሰሙ መሰለኝ። የሐዘናቸውን ቃል፣ የስህተቱን ቃል፣ እንዳይወጣ ያሉትን አነበብኩ። ከዚያ ወደ መጨረሻዋ መስመር ደረስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ያላነበብኳት መስመር ናት።

"ቁልፉን ለወይንሸት ትቻለሁ። እሷ ሳታነብ አትከፍትም።"

እትዬ አማረች ቀና አሉ።

"ወይንሸት ማናት?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።